ጠቢብ እና ጠይብ፦ በሰሜን ሸዋ ታሪክ ውስጥ የኪነ ጥበብ ምንነትና የባለሙያው ድርሻ



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የኪነ ጥበብ ምንነት፣ ዓላማና የጠቢቡ ድርሻ ነው። ርእሱ በተለምዶ የፈላስፎች ነው። ፕላቶን ባለቅኔዎችን ካሰባት ከተማ እስከ ማስወጣት ደርሷል፤ ቶልስቶይም በ1890ዎቹ መጨረሻ ባሳተመው ድርሳኑ ኪነ ጥበብን ስሜት ከሰው ወደ ሰው የሚጋባበት መንገድ አድርጎ ተርጕሞታል። እኔ ግን የታሪክ መምህር ነኝና በሌላ በር ልግባ። ኪነ ጥበብ ምን መሆን አለበት ብዬ ከመጀመር ይልቅ፣ በዚህ በቆምንበት ምድር ሰዎች በኪነ ጥበብ ምን አደረጉበት፣ የሠራውንስ ሰው ምን ብለው ጠሩት ብዬ እጠይቃለሁ።

ሦስት ማረፊያዎች ይኖሩናል። የመጀመሪያው በ15ኛው መቶ ዘመን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ነው። ሁለተኛው በ19ኛው መቶ ዘመን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ነው። ሦስተኛው በአንኮበር ተወልዶ በዓለም አደባባይ የታወቀው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ነው። ከውጭ ጽሑፎች ጋር ለማነጻጸር እንዲመች ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የምከራከርለትን ሐሳብ አስቀድሜ ላስቀምጥ። «ኪነ ጥበብ ለራሱ ነው ወይስ ለማኅበረሰቡ?» የሚለው ሙግት በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ የተፋፋመ፣ ወደ እኛም በትምህርት ቤት በኩል የደረሰ ነው። የሰሜን ሸዋ ታሪክ የሚያነሣብን ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል፤ «ሥራው የማን ነው? ስለ ሥራውስ መልስ የሚሰጠው ማን ነው?» ይለናል። ስሙን ፈቅዶ የተወ ጠቢብ አለ፤ ስሙን የተነጠቀ ጠቢብም አለ። ሁለቱን አንድ አድርገን «ያልታወቀ ባለሙያ» ብለን ስለምናልፋቸው፣ ስለ ኪነ ጥበብ ያለን ዕውቀት ከሥሩ ጎድሏል።

አንድ ቃል፣ ሁለት ዕጣ

ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛ «ጥበብ» ስንል ቢያንስ ሦስት ነገሮችን እንላለን። የመጀመሪያው ማስተዋልና ዕውቀት ነው፤ ሰሎሞን ጠቢብ የተባለው በዚህ ነው። ሁለተኛው ሥዕልን፣ ቅኔን፣ ዜማንና ቅርጻ ቅርጽን የሚያቅፈው የሙያ ዘርፍ ነው። ሦስተኛው በሀገር ልብስ ጠርዝ ላይ ሸማኔ በቀለም ክር የሚጥለው ጌጥ ነው። እናቶቻችን «ጥበብ ቀሚስ» ሲሉ ሦስተኛውን ማለታቸው ነው። «ኪን» የሚለውም የግእዝ ቃል የእጅን ሙያና የአእምሮን ብልሃት በአንድነት የሚይዝ ነው።

ይህ አንድነት የእኛ ብቻ አይደለም። የግሪኩ «ቴክኔ» እና የላቲኑ «አርስ» ጫማ ሰፊውንም ሐውልት ቀራጩንም በአንድ ቃል የሚጠሩ ነበሩ። ሥዕልን፣ ሙዚቃን፣ ቅኔንና ቅርጻ ቅርጽን ከእጅ ሥራ ለይቶ «ውብ ጥበባት» በሚል ጥላ ሥር የሰበሰበው አስተሳሰብ በአውሮፓ ሥርዓት ይዞ የወጣው በ18ኛው መቶ ዘመን ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ባቶ በ1746 ያሳተመው መጽሐፍ የዚህ ምዕራፍ ዋና ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ ሠዓሊ ከሸማኔ በባሕርዩ የተለየ ፍጡር ነው የሚለው እምነት ዕድሜው ሦስት መቶ ዓመት እንኳ አይሞላም።

የአማርኛው «ጥበብ» አንድነት ሊያኮራን የሚችል ነበር። ነገር ግን ከዚያው ሥር ሌላ ቃል በቅሏል፤ «ጠይብ»። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ጠይብ ከ«ጠቢብ» የወጣ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ የተሰደቡት «ጠቢብ» በሚለው ቃል በራሱ ነው። በንባብ ጊዜ ክብር የሆነው ቃል በገበያ ላይ ስድብ ሆነ። በዚሁ ስድብ ላይ የቡዳነት ክስ ተደረበበት። ሰውየው ማረሻ ይሠራል፤ ማረሻው እርሻውን ያርሳል፤ እህሉ ይበላል፤ ከሠራው ሰው ጋር ግን አብሮ መብላት ያስነውራል። ሴትዮዋ የሠራችው ምንቸት ከምድጃችን አይጠፋም፤ እርሷን ግን ዓይኗን እንፈራለን።

በኦሪት ዘጸአት የድንኳኗን ንዋያተ ቅድሳት እንዲሠራ የተመረጠው ባስልኤል በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በዕንጨትና በድንጋይ እንዲሠራ የጥበብ መንፈስ እንደ ተሞላ ተጽፏል። ስሙም፣ የአባቱም ስም፣ ነገዱም በመጽሐፉ ውስጥ ሰፍሯል። ይህን መጽሐፍ ለብዙ ዘመናት ሲያነብ የኖረ ማኅበረሰብ ብረት የሚያቀልጠውን ሰው እንዴት ከማዕዱ አራቀው? ጥያቄውን ይዘን ወደ መጀመሪያው ማረፊያችን እንሂድ።

ደብረ ብርሃን፦ ብርሃኑና ጥላው

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 ነገሡ። ከዚያ በፊት የነበሩት ነገሥታት፣ እርሳቸውም በዘመናቸው መጀመሪያ፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተዘዋወሩ ይገዙ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ ግን በመጨረሻ በዚህ ስፍራ ተቀመጡ፤ የዘመናቸውን ማብቂያ ከዐሥር ዓመት በላይ እዚሁ አሳለፉ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው በሰማይ የታየ ብርሃን ለቤተ ክርስቲያኑ መሠራትና ለስሙ መነሻ ሆኗል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ብርሃኑን በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል።

ይህ ዘመን በኢትዮጵያ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ትልቅ መታጠፊያ ነው። ንጉሡ ለእመቤታችን ያላቸውን ፍቅር የመንግሥት ሥርዓት አደረጉት። ሠላሳ ሦስት በዓላቷ እንዲከበሩ፣ ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ፣ ለሥዕሏም ክብር እንዲሰጥ ደነገጉ። ሥዕለ ማርያም ከመጽሐፍ ገጽ ወጥቶ በገበታ ላይ ተሥሎ በጉባኤ ፊት የሚቆም ሆነ። ሠዓሊ ለአገልግሎቱ አስፈላጊ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ከነዚህ ሠዓልያን የአንዱን ስም እናውቃለን። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝ አንድ ሥዕለ ማርያም በላዩ የግእዝ ማስታወሻ አለው። ማስታወሻው ሥዕሉ የተሠራው በንጉሡ በዘርዐ ያዕቆብና በዳጋው አበምኔት በይስሐቅ ዘመን መሆኑን ይመሰክራል፤ ሠዓሊውም ፍሬ ጽዮን መሆኑን ይናገራል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ማሪሊን ሄልድማን በ1994 ባሳተመችው ጥናት ከዚህ ስም ተነሥታ የዚያን ዘመን በርካታ ገበታዎች ከእርሱ እጅና ከተከታዮቹ ጋር አያይዛለች። የዘርዐ ያዕቆብ ዐፅምም በኋላ ዘመን ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደዚያው ወደ ዳጋ መወሰዱ ይታወቃል። ንጉሡና በዘመናቸው የነበረው ሠዓሊ ሥራ በአንድ ደሴት ላይ ተገናኙ።

ሦስት ስሞች በአንድ ማስታወሻ ላይ መስፈራቸውን ልብ በሉ፤ የገዛው፣ ገዳሙን የመራው፣ የሣለው። በዘመኑ የነበሩት ሠዓልያን አብዛኛዎቹ ስማቸውን አልጻፉም። ሥራው ለእግዚአብሔር የቀረበ ነውና ስሜ ይቅር ማለት ትሕትና ነው፤ የቁም ጸሐፊውና የሠዓሊው መንፈሳዊ ባህል ይህን ያስተምራል። ይህ በፈቃድ የተተወ ስም ነው፤ ባለቤቱ ከሥራው ጋር በጸሎት ይታሰባል፤ ማኅበሩ ያውቀዋል፤ ከማዕዱም አይርቅም። የፍሬ ጽዮን ስም መጻፍ ግን አንድ ትልቅ ነገር ያስችለናል። ምን እንደሚያስችለን ለማየት የብርሃኑን ጥላ መመልከት ያስፈልጋል።

በዚያው ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ብለው ለማርያም ሥዕል፣ ለመስቀልና ለንጉሡ አንሰግድም በማለታቸው ከባድ ቅጣት ተቀጥተዋል። ዜና መዋዕሉ ራሱ ብርሃኑ የታየው እነርሱ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ መሆኑን አይሸሽግም። በሃይማኖት ክርክሩ ማን ትክክል እንደ ነበር መበየን የዚህ ንግግር ሥራ አይደለም። ለርእሳችን የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ለአንዱ የጸሎት መንገድ የሆነው ሥዕል ለሌላው የፈተና ሚዛን ሆኖ ቀርቧል። ሥዕሉ አንድ ነው፤ ሰዎች በፊቱ ያደረጉት ግን ሁለት ነው።

የሚያስደንቀው የሚከተለው ነው። ከስደቱ የተረፉት የእስጢፋኖስ ልጆች በዓጋመ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ተቀመጡ። እዚያም በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ በኢትዮጵያ ከታዩት የብራና ሥዕሎች እጅግ ረቂቅና የራሱ ጠባይ ያለው የአሣሣል ስልት አዳበሩ። ለሥዕል አንሰግድም ያሉት ሰዎች ሥዕልን አልጣሉትም። ስለዚህ ጠቡ በሥዕልና በሥዕል ጠላት መካከል አልነበረም፤ ሥዕል ለምን ይዋል በሚለው ላይ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እወስዳለሁ። አንደኛ፣ የኪነ ጥበብ ዓላማ በሥራው ውስጥ ብቻ ተቆልፎ አይቀመጥም፤ ሥራው በቆመበት አደባባይ የሚደረገውም የዓላማው አካል ነው። ሁለተኛ፣ የፍሬ ጽዮን ስም ከንጉሡ ስም ተለይቶ መጻፉ ተጠያቂነትን ለመለየት ያስችለናል። ልጇን በእቅፏ የያዘችውን እናት ርኅራኄ የምንጠይቀው ከሠዓሊው ነው፤ ዐዋጁንና ቅጣቱን የምንጠይቀው ከንጉሡ ነው። ስም ባይኖር ኖሮ ሁሉን ለ«ዘመኑ» ሰጥተን እናልፍ ነበር። ዘመን ደግሞ አይሥልም፤ ድንጋይም አይወረውርም።

አንኮበር፦ የሚፈለግ እጅ፣ የሚፈራ ሰው

ወደ ሁለተኛው ማረፊያ ስንሻገር አራት መቶ ዓመት ገደማ እንዘላለን። ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዋና ከተማቸው አንኮበር ነበረች። ከቆላው በኩል ያለው የዓልዩ አምባ ገበያ ሸዋን ከሐረርና ከታጁራ ወደብ ያገናኝ ነበር። በዚህ መንገድ በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ መጀመሪያ ሚስዮናውያን፣ ነጋዴዎችና የመንግሥታት መልእክተኞች መጡ።

ከመጡት መካከል ኢዘንበርግና ክራፕፍ የሚባሉት ሚስዮናውያን በ1843 በታተመው የጉዞ ማስታወሻቸው ስለ «ጠቢባን» ጽፈዋል። በአንኮበር አካባቢ ባሉ ደኖች ተለይተው የሚኖሩ፣ በእጅ ሙያ የተካኑ፣ ንጉሡም ሥራቸውን የሚፈልጉት ሰዎች እንደ ነበሩ ይነግሩናል። ሕዝቡ ደግሞ ወደ ጅብ ይለወጣሉ እያለ ይፈራቸው ነበር። የማኅበረሰቡ መጠሪያ «ጠቢባን» መሆኑን አስተውሉ፤ የነገሥታትና የነቢያት ቅጽል የሆነው ቃል ነው። የቤተ መንግሥቱ ብረታ ብረት፣ የወይዛዝርቱ የብር ጌጥ፣ የገበሬው ማረሻና ማጭድ ከእንዲህ ያለ እጅ የወጣ ነው። ሥራው እስከ ንጉሡ አዳራሽ ይገባል፤ ሠሪው ደጅ ይቀራል።

በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ወደ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ከተጓዦቹ አንዱ ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ ነበር። በርናትስ በአንኮበርና በአካባቢው የሠራቸው ሥዕሎች በ1852 በመጽሐፍ ታትመዋል። ዛሬ የዚያን ዘመን አንኮበር ምን ትመስል እንደ ነበር ለማየት የምንመለከተው እነርሱን ነው። ባለውለታችን ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። እርሱም ቢሆን የመልእክቱ አካል ሆኖ የመጣ፣ በሌላ መንግሥት ፍላጎት የሚመራ ሠዓሊ እንደ ነበር ግን አንርሳ።

ለእኔ ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ነው። በዚያ ዘመን በአንኮበር ከነበሩት ባለሙያዎች የበርናትስን ስም፣ የሥዕሎቹን ዝርዝርና የታተሙበትን ዓመት ማንኛውም ተማሪ በአንድ ቀን ሊያገኝ ይችላል። ጋሻውን ያበጀውን፣ ሰይፉን የሳለውን፣ አምባሩን ያነጠረውን፣ ጥበቡን የጣለውን ሰው ስም ግን ዕድሜ ልክ ቢፈልግ ላያገኝ ይችላል። እነዚህ ሰዎች ስማቸውን በትሕትና አልተዉም። ሥራቸው ተወሰደ፣ ስማቸው ቀረ፣ በስማቸው ምትክ ስድብ ተሰጣቸው። ፈቅዶ የተወ እና የተነጠቀ ያልኩት ልዩነት ይህ ነው።

ይህን ነውር ያዩ የሀገር ሰዎች አልጠፉም። በደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ የተወለዱት የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ዐፄ ምኒልክ በ1908 ባለሙያን በሙያው ስም መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጁ ትልቅ ነገር ነው፤ ልማድ ግን በአንድ ዐዋጅ አይሻርም። በክፍሌ ውስጥ ስለዚህ ርእስ ስናወራ አንገቱን የሚደፋ ተማሪ ዛሬም አይቻለሁ። በዚህ አዳራሽ ውስጥም አያቱ ሸክላ ሠሪ እንደ ነበረች ለጓደኛው ሳይነግር ትምህርቱን የሚጨርስ ወጣት ሊኖር ይችላል። ታሪኩ አላለፈም የምለው ለዚህ ነው።

የአንኮበሩ ልጅ

ሦስተኛው ማረፊያችን አፈወርቅ ተክሌ ነው። በጥቅምት 1932 በአንኮበር ተወለደ። ልጅነቱ ከፋሺስት ወረራ ጋር ተገጣጠመ። በ1947 የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ ነገር ግን ዝንባሌው ወደ ሥዕል አመራው። በለንደን በማዕከላዊው የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በስሌድ ተማረ። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ስያሜ ሥነ ጥበብንና እደ ጥበብን ጎን ለጎን መጥራቱ ለዛሬው ርእሳችን የሚያስደስት አጋጣሚ ነው።

በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእይ አሳየ። ከዚያ ተመልሶ ወደ አውሮፓ ሄደና የባለቀለም መስታወት ሥራን አጠና፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችም መረመረ። የአንኮበር ልጅ የአባቶቹን ሥዕል ለማጥናት ባሕር መሻገር አስፈልጎታል። ይህ ስለ እርሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ቅርሶቻችን ጉዞም የሚናገር ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚታወቀው በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ባለቀለም መስታወት ነው። አዳራሹ በ1961 ተመረቀ፤ በግንቦት 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው በዚያው ነው። መስታወቱ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በሦስት ክፍሎቹ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። አህጉሩን የወከሉ መሪዎች በዚያ ሲሰበሰቡ ብርሃኑ በዚያ መስታወት ውስጥ አልፎ ነበር የሚደርሳቸው። ኪነ ጥበብ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው አንዱ መልስ እዚያ ቆሟል፤ ገና ያልሆነውን ነገር ሰዎች በፊታቸው እንዲያዩት ያደርጋል። በ1961 አብዛኛው የደቡብ አፍሪካ ክፍል በቅኝ ግዛትና በዘር አገዛዝ ሥር ነበር፤ ነፃ የወጣች አፍሪካን የሚያሳየው መስታወት ግን ቀድሞ ቆሞ ነበር።

ይሁንና አፈወርቅን ለማመስገን ብቻ አላነሣሁትም። ሁለት ከባድ ጥያቄዎች ከእርሱ ሕይወት ጋር ተያይዘዋል።

የመጀመሪያው የሥልጣን ጥያቄ ነው። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመንግሥትን ትልልቅ ሥራዎች ሠራ፤ በ1964 የኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተሸለመ። በኋላ በመጡት ሥርዓቶችም ዘመን በሀገሩ ሆኖ ሠርቷል። በዚያው በ1932 በሐረር የተወለደው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ግን በደርግ ዘመን ከሀገር ወጥቶ በ1981 በአሜሪካ ዐረፈ። ከሁለቱ የትኛው የጠቢብን ድርሻ ተወጣ? ብዙ ጊዜ በዚህ ላይ እንድፈርድ ተጠይቄአለሁ፤ ፍርዱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የቀረው ሥራው ለሁሉም እንዲታይ አቆይቷል፤ ዋጋው ከሥልጣን ጋር አብሮ መታየት ነው። የወጣው ነፃነቱን ጠብቋል፤ ዋጋው ከሀገሩ ሰው መራቅ ነው። ሁለቱም ዋጋውን የከፈሉት በየስማቸው መሆኑን ግን ማንም አይክድም።

ዋጋው ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የሐረሩ ሐውልት ያሳየናል። አፈወርቅ በሐረር አደባባይ የራስ መኮንንን በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልት ሠርቶ ነበር። ራስ መኮንን የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው፤ ስለዚህ ሐውልቱም ከአንኮበር ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነበር። ሐውልቱ በ2020 በሀገሪቱ በተነሣው ሁከት ፈረሰ። ለአንዱ የጀግና መታሰቢያ፣ ለሌላው የገዥ ምልክት ነበር። በደብረ ብርሃን ያየነው ነገር እዚህም ይደገማል፤ ሥራው አንድ ነው፤ በፊቱ የቆሙት ሰዎች ግን አንድ ነገር አላዩም። ይህን የሚያውቅ ጠቢብ ሥራውን አይተወውም፤ ለማን እንደሚሠራ፣ በማን ፊት እንደሚያቆም ግን አስቀድሞ ያስባል። የታሪክ ተማሪም ማፍረስን ከመርምሮ መጠየቅ ጋር ሊያምታታ አይገባም፤ የፈረሰን ነገር ከዚያ በኋላ ማንም ሊጠይቀው አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ የስም ነው። አፈወርቅ ስሙን ያላስረሳ ሠዓሊ ነው። «የዓለም ሎሬት፣ ሜትር አርቲስት» እየተባለ ተጠራ፤ ቪላ አልፋ የተባለውን ቤቱን ራሱን እንደ ሥራው አነጸው፤ በሚያዝያ 2012 ሲያርፍ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ይህን የስም ክብደት እንደ ትዕቢት የሚቆጥሩ አሉ። የፍሬ ጽዮንን አጭር ማስታወሻ ለለመደ ዓይን እውነትም ረጅም ነው። እኔ ግን ከአንኮበር ሆኜ ስመለከተው ሌላ ነገር ይታየኛል። የእጅ ሙያ ባለቤት ስሙ ተነጥቆ በኖረበት አገር የተወለደ ሰው ስሙን ከፍ አድርጎ ሲጽፍ፣ ለራሱ ብቻ የጻፈ አይመስለኝም።

ነገሩ በዚህ ግን አያልቅም። ባለቀለም መስታወት የአንድ ሰው እጅ ብቻውን የሚሠራው አይደለም። ንድፉ የሠዓሊው ነው፤ መስታወቱን የሚያቀልጥ፣ የሚቆርጥ፣ የሚገጣጥም፣ የሚያቆም ብዙ እጅ ግን ያስፈልጋል። በአፍሪካ አዳራሽ ስንቆም አንድ ስም እንጠራለን፤ የሌሎቹን አንጠይቅም። የጠቢብና የጠይብ ድንበር በዘመናዊው ሥራ ውስጥም በጸጥታ ይቀጥላል ማለት ነው። ድንበሩ ዛሬ ስድብ የለበትም፤ ዝምታ ግን አለበት።

ከዚህ ምን ይከተላል?

ከሦስቱ ማረፊያዎች ወደ መነሻው ጥያቄ ልመለስ።

የኪነ ጥበብ ምንነት የአእምሮ ዕውቀትና የእጅ ዕውቀት በአንድ ነገር ላይ መገናኘታቸው ነው። ቋንቋችን ይህን ከማንኛውም ድርሳን በፊት ያውቅ ነበር። የመንዝ በርኖስና የፍሬ ጽዮን ገበታ በዓላማቸው ይለያያሉ፤ ሁለቱም ግን ለረጅም ዓመታት የተጠራቀመ ማስተዋል በእጅ በኩል የወጣባቸው ናቸው። አንዱን «ጥበብ»፣ ሌላውን «ሥራ» ብሎ መለየት የሙያውን ባሕርይ ሳይሆን የሠሪውን ማኅበራዊ ደረጃ መግለጽ ነው።

ዓላማው ማኅበረሰቡ የሚኖርበትን ነገር በፊቱ ማቆም ነው፤ እምነቱን፣ ፍርሃቱን፣ ተስፋውን፣ ክብሩን። በፊት የቆመ ነገር ይታያል፤ የሚታይ ነገር ያከራክራል። ስለዚህ ክርክር የኪነ ጥበብ ጉድለት ሳይሆን ሥራውን መሥራቱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ክርክሩን በድንጋይ ውርወራም ሆነ በማፍረስ ማቋረጥ ግን ዓይንን እንደ መጨፈን ነው።

የጠቢቡም ድርሻ ለሥራው መልስ መስጠት ነው። መልስ መስጠት ደግሞ ስም ይጠይቃል። ስሙን ለአምላኩ ብሎ የሚተው ሠዓሊ መብቱ ነው፤ ይህን ባህል እናክብር። ስሙን ልንተውለት ግን መብት የለንም።

በመጨረሻ ለእናንተ ለተማሪዎቼ ተግባራዊ የሆነ አደራ አለኝ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በእደ ጥበብ ላይ ትሠራላችሁ፤ ስለ መንዝ የሱፍ ሥራ፣ ስለ አንኮበር አካባቢ ሸክላ፣ ስለ አንጥረኞች፣ ስለ ብራና ፋቂዎችና ቁም ጸሐፊዎች። በየጽሑፉ ውስጥ የዕቃው ርዝመት፣ ክብደትና ቀለም በጥንቃቄ ይመዘገባል። ከፎቶግራፉ ሥር ግን «ባህላዊ ሸክላ፣ ሰሜን ሸዋ» ተብሎ ይታለፋል። ሰሜን ሸዋ ሸክላ አይሠራም፤ ሸክላ የምትሠራው ሴት ናት። ከዛሬ ጀምሮ ፈቃዷን ጠይቁ፤ ከፈቀደች ስሟን፣ ሙያውን ከማን እንደ ተማረች፣ ስለ ሥራዋ ራሷ የምትለውን ጻፉ። ስሜ አይጻፍ ካለች ደግሞ አለመፈለጓን ጻፉ፤ ያም የእርሷ ውሳኔ ሆኖ ይመዝገብ። በየቤተ መዘክሩና በየዐውደ ርእዩ ያሉት መግለጫዎችም በዚሁ መንገድ እንዲታረሙ እኛ መምህራን ልንጠይቅ ይገባል።

ይህ ትንሽ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን የፍሬ ጽዮንን ዘመን ዛሬ የምናጠናው አንድ ሰው ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በአንድ ገበታ ላይ አንድ ስም ስለ ጻፈ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ የእኛን ዘመን የሚያጠና ሰውም ከእኛ የሚፈልገው ከዚህ የተለየ አይሆንም።